በዓደን አጥር ላይ የሚንጠለጠል ሰሌዳና ጓጉንቸሩ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 የሑሲ ኃይሎች ከዓደን ሲወጡ በከተማዋና በዙሪያዋ የተቀበረ ፈንጂ ቀርቷል። መሬቱ እስኪጸዳ ድረስ መንገደኛውን የሚጠብቀው በአጥር ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ሰሌዳ ነው። ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያቀና፣ ዓረብኛ የማያነብ ኢትዮጵያዊ አደጋውን የሚረዳው ከራስ ቅል ሥዕሉ ነው። ሰሌዳው ከተወሰደ አጥሩ የማንኛውም እርሻ አጥር መስሎ ይታየዋል።

ሰሌዳውን በጓጉንቸር መቆለፍ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዓደን ጨዋማ አየር የብረት ጓጉንቸር ፈጥኖ ይዝጋል። ነሐስ ዝገትን ቢቋቋምም፣ እርጥበት ባለበት ዚንክ የተቀባውን ሽቦ ሲነካ የሽቦውን ልባስ ይበላዋል። ከዚህም በላይ ነሐስ ይሸጣል፤ የሚፈልገው ሰው ሽቦውን ቆርጦ ሰሌዳውንም አጥሩንም ያበላሻል።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ የፈንጂ ማጽዳት መመዘኛ ምልክት የሚሠራበት ቁስ ለሌላ አገልግሎት እምብዛም የማይጠቅም እንዲሆን ይመክራል። ማያያዣውም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ቁልፍ የሌለው፣ አንዴ ከተዘጋ ተቆርጦ ብቻ የሚከፈት ቀለበት ለዚህ ይስማማል። በሰሌዳው አራት ማዕዘናት ሲታሰር ነፋስ ሰሌዳውን እያወዛወዘ ሽቦውን እንዳይሞርደው ያግዛል።

መሬቱ ሲጸዳ ግን ሰሌዳው መነሣት አለበት። ባዶ መሬት ላይ የቀረ ማስጠንቀቂያ፣ ሰዎች ቀጣዩንና እውነተኛውን ሰሌዳ እንዲንቁ ያስተምራል።