ያረጁ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮችን በማደስ የአገልግሎት ዘመናቸውን ስለ ማራዘም

1. መግቢያ

በትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ከሚገኙት መሣሪያዎች ከፊሎቹ በሌላ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲሠራባቸው ቆይተው በስጦታ ወይም በንብረት ዝውውር የመጡ ናቸው። በአዲስነታቸው የተገዙትም ቢሆኑ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ለመነሣት ይዘገያሉ፤ ፕሮግራም ለመክፈት ያስጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ ሥራ ያቆማሉ። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «አርጅቷል» የሚል አንድ ቃል ነው። መሣሪያው ወደ ንብረት ክፍል ይወሰድና ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ይከማቻል፤ ትምህርት ቤቱም አዲስ ግዥ የሚፈቀድበትን ቀን ይጠብቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ከምርመራ በፊት የሚሰጥ መሆኑን ማሳየት ነው። ኮምፒዩተር የተለያዩ ክፍሎች ስብስብ በመሆኑ ሁሉም ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ አያረጁም። ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ሲደክሙ የቀሩት ጤናማ ሆነው ሳለ መላው መሣሪያ የደከመ ይመስላል። የደከመውን ክፍል ለይቶ በመተካት የአንዱን ኮምፒዩተር አገልግሎት ለተጨማሪ ዓመታት ማራዘም እንዴት እንደሚቻል፣ እንዲሁም ይህ ሥራ የማያዋጣው የትኛው ላይ እንደ ሆነ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ተዘርዝሯል።

2. ጉዳዩ በክፍለ ጊዜ ሲመዘን

የመሣሪያ ማርጀት በትምህርት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። ለምሳሌ ያህል 60 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍልና 20 ኮምፒዩተሮች ያሉትን ቤተ ሙከራ እንውሰድ። ከእነዚህ መካከል 8ቱ «አርጅተዋል» ተብለው ቢነሡ በቀሩት 12 ኮምፒዩተሮች ላይ አምስት አምስት ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆንና መሣሪያዎቹ ለመነሣት 6 ደቂቃ ቢፈጅባቸው የሚቀረው 34 ደቂቃ ነው። ይህ ለአምስት ሲካፈል እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ የሚሠራበት ጊዜ 7 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሃያዎቹም ታድሰው በ1 ደቂቃ ውስጥ ቢነሡ ግን ሦስት ሦስት ተማሪዎች 39 ደቂቃ ይካፈላሉ፤ ለአንዱ ተማሪ 13 ደቂቃ ይደርሰዋል ማለት ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት በእጅ በመለማመድ የሚገኝ ዕውቀት እንደ መሆኑ፣ ልዩነቱ ተማሪው በመሥራትና ሌላው ሲሠራ በመመልከት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የንብረት አያያዝ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

3. ኮምፒዩተር የሚዘገየው ለምንድን ነው?

አንድ ኮምፒዩተር ሥራውን የሚያከናውነው በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች መተባበር ነው። ፕሮሰሰሩ ስሌቱን ይሠራል፤ በተለምዶ ራም የሚባለው ማህደረ ትውስታ በሥራ ላይ ያለውን ሁሉ ለጊዜው ይይዛል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ኃይል ሲቋረጥም የማይጠፋውን ጽሑፍና ፕሮግራም ያስቀምጣል። ራም ከመምህሩ ጠረጴዛ፣ ዲስኩም በክፍሉ ጥግ ከቆመው የመጻሕፍት ሣጥን ጋር ሊነጻጸሩ ይችላሉ። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ መምህሩ በየጊዜው እየተነሣ ወደ ሣጥኑ መመላለስ ግድ ይሆንበታል። ኮምፒዩተሩም ራም ሲያንሰው ከፊሉን ሥራ ወደ ዲስክ እያወጣ መልሶ ያስገባል፤ መዘግየቱም ከዚህ ይመጣል።

ችግሩን የሚያባብሰው የሃርድ ዲስክ አሠራር ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው። አንድ ዙር ለመሽከርከር 8.3 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚህ ግማሽ ይጠበቃል። ማንበቢያው ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ ለመንቀሳቀስ 8 ወይም 9 ሺኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለአንድ የተበታተነ ንባብ 13 ሺኛ ሴኮንድ ገደማ ያስፈልጋል፤ በአንድ ሴኮንድም ከ75 ወይም ከ80 ንባብ በላይ አይሠራም። አንድ ሥራ 4,000 የተበታተኑ ንባቦችን የሚጠይቅ ቢሆን መጠበቁ ብቻ 50 ሴኮንድ ያልፋል።

ኤስ.ኤስ.ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ጽሑፉን የሚይዘው በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ነው። አንዱ ንባብ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሚፈጅበት እነዚያኑ 4,000 ንባቦች ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሊፈጽም ይችላል። በሌላ በኩል የፕሮሰሰሩ ድካም ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ባለ አራት እምብርት ፕሮሰሰር ጽሑፍ ለመጻፍ፣ በሠንጠረዥ ለማስላትና የመጀመሪያ ደረጃ ፕሮግራም ለመለማመድ ዛሬም ይበቃል።

4. የእድሳቱ ሥራ ቅደም ተከተል

ሀ. ምርመራና ጽዳት። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያው ከኤሌክትሪክ መስመር ተነቅሎ መከፈት አለበት። አቧራ የአየር ማስወጫውን ሲደፍነው ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግልም ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በአየር ግፊት ይወገዳል፤ አየር ሲነፋ የማራገቢያው ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ያስፈልጋል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቅባት ደርቆ ከተገኘ ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። ድምፅ እያሰማ ምስል የማያሳይ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ የሚድነው ራሙን አውጥቶ፣ የመገናኛ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ጠርጎ በመመለስ ብቻ ነው። ሰዓቱና ቀኑ በየዕለቱ የሚዛባ ከሆነ ሲ.አር. 2032 የተባለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ይህ ጥቃቅን መስሎ ቢታይም፣ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ብዙ የኢንተርኔት ገጾችን ለመክፈት እምቢ ስለሚል ባትሪውን መለወጥ አስፈላጊ ነው።

ለ. ራም መጨመር። ራም በዓይነት ይለያያል፤ ዲ.ዲ.አር 2፣ ዲ.ዲ.አር 3 እና ዲ.ዲ.አር 4 አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። የገቢው ጉድጓድ ያለበት ቦታ ስለሚለያይ በኃይል ለማስገባት መሞከር ሁለቱንም ይሰብራል። ከግዥ በፊት በተነቀለው ራም ላይ የተጻፈውን ማንበብና ያንኑ ዓይነት መጠየቅ ይገባል። 4 ጊጋባይት ያለውን ወደ 8 ማሳደግ ለትምህርት ቤት ሥራ በቂ ሲሆን፣ ሁለት ተመሳሳይ ራሞችን በጥንድ ማስገባት ከአንድ ትልቅ ራም የተሻለ ፍጥነት ይሰጣል። ባለ 32 ቢት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ኮምፒዩተር ግን በተለምዶ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም ስለማይጠቀምበት፣ አስቀድሞ ወደ ባለ 64 ቢት ካልተዛወረ ወጪው ከንቱ ይሆናል።

ሐ. ሃርድ ዲስኩን በኤስ.ኤስ.ዲ መተካት። ከሁሉም የእድሳት ዓይነቶች በጉልህ የሚታይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ሳታ የተባለው የመገናኛ ገመድ ያለው ማንኛውም ኮምፒዩተር ባለ 2.5 ኢንች ኤስ.ኤስ.ዲ ይቀበላል፤ የነበሩት ገመዶችም ያገለግላሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ዲ.ዲ.አር 3 ራምና በሴኮንድ 6 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ የሳታ መስመር ስላለው ለእንዲህ ያለው እድሳት የተመቸ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ኮምፒዩተሮች መስመራቸው በሴኮንድ 3 ጊጋቢት ቢሆንም ጥቅሙ አይቀርባቸውም፤ ምክንያቱም ዋናው ትርፍ የሚገኘው ከላይ እንደተብራራው ከመጠበቂያው ጊዜ ማጠር ነው። 120 ወይም 240 ጊጋባይት መጠን ለተማሪ ኮምፒዩተር ይበቃል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት በባዮስ ውስጥ የሳታው አሠራር ኤ.ኤች.ሲ.አይ በተባለው ላይ መደረጉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የወጣው ሃርድ ዲስክ ጤናማ ከሆነ የፈተናና የውጤት መዛግብት ቅጂ ለማስቀመጥ ያገለግላል፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ከሆነ ግን አስቀድሞ የቀድሞው ጽሑፍ ፈጽሞ መደምሰስ አለበት።

መ. ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መወሰን። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚቆይ የማራዘሚያ አገልግሎት ቢኖርም ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና ቲ.ፒ.ኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጠቅላላው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የወጡትን የስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው ኮምፒዩተር አካሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ምክንያት ብቻ «አርጅቷል» ሊባል ይችላል።

ለእንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ክፍት የሆነው መንገድ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ሊኑክስ ሚንት የተባለው፣ በተለይም ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ የተሰኘው ቀላል ገጽታው፣ በ4 ጊጋባይት ራም በሚገባ ይሠራል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ በሊኑክስም አማርኛ መጻፍ የሚያዳግት አይደለም። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ዊኪፔዲያን በዲስክ ላይ አስቀምጦ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ማስነበብም ይቻላል። ይሁን እንጂ መማሪያ መጽሐፉ የሚያሳየው የዊንዶውስንና የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽታ ከሆነ፣ ተማሪው በሊብሬኦፊስ የሚያገኘው የትእዛዝ አቀማመጥ የተለየ መሆኑ አይካድም። መምህሩ ሁለቱን የሚያነጻጽር አንድ ገጽ አዘጋጅቶ በግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ይህ ችግር በእጅጉ ይቃለላል።

5. የማያዋጡ ለውጦች

እድሳት ሁሉ ጠቃሚ ነው ማለት አይደለም። ፕሮሰሰር መለወጥ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱንና ራሙንም መለወጥ ስለሚያስከትል ወጪው ወደ አዲስ ግዥ ይጠጋል። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ በርሜል መሰል ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያ መሣሪያ ላይ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ብቻ የሆነም እንደዚሁ ነው፤ ዴቢያን የተባለው ታዋቂ የሊኑክስ ዓይነት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለእነዚህ ኮምፒዩተሮች የሚሆን መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። በተጨማሪም የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዋዥቅበት አካባቢ ያለ ዩ.ፒ.ኤስ ወይም ያለ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አዲስ ክፍል መግጠም አዲሱንም ክፍል ለብልሽት ማጋለጥ ይሆናል።

6. ለፕላን ባለሙያዎች

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ በአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ በአንድ መምህር ትጋት ሊፈጸም ይችላል። በወረዳና በዞን ደረጃ ግን ዕቅድ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ተግባር የእያንዳንዱን ኮምፒዩተር ሞዴል፣ የፕሮሰሰር ትውልድ፣ የራም ዓይነትና መጠን፣ የዲስክ ዓይነትና የደረሰበትን ብልሽት የያዘ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። በዚህ መዝገብ መሠረት መሣሪያዎቹን በሦስት ምድብ መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ምድብ የዊንዶውስ 11ን መመዘኛ የሚያሟሉትን ይይዛል፤ እነዚህ ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ ብቻ ይጨመርላቸዋል። ሁለተኛው ምድብ ባለ 64 ቢት ሆነው መመዘኛውን የማያሟሉት ሲሆኑ፣ ከራምና ከኤስ.ኤስ.ዲ ጋር ሊኑክስ ይጫንባቸዋል። ከእነዚህ መካከል አቅማቸው ዝቅተኛ የሆኑትን ያለ ዲስክ በኔትወርክ አማካይነት ከአንድ ማእከላዊ ኮምፒዩተር እንዲነሡ ማድረግም ይቻላል። ሦስተኛው ምድብ የማይታደሱት ናቸው፤ እነርሱም ራማቸው፣ ፓወር ሰፕላያቸው፣ ማራገቢያቸውና ገመዳቸው ለሌሎቹ መለዋወጫ እንዲሆን ይፈታሉ። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመሳሳይ ሞዴል ያላቸውን ማሰባሰብ ይህን መለዋወጥ ያቃልላል።

ከሦስተኛው ምድብ የሚተርፈው አካል በግቢ ውስጥ ሊጣልም ሆነ ሊቃጠል አይገባውም፤ በውስጡ እርሳስንና ሌሎች መርዛማ ነገሮችን ይይዛልና። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ የተጣለ ሲሆን፣ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ግዥ ሲታቀድ በቅድሚያ በሁለትና በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ ሙከራ ማድረግ፣ የመነሻ ጊዜያቸውን ከእድሳቱ በፊትና በኋላ በሰዓት ለክቶ መመዝገብ ይመከራል። ይህ አኃዝ ለበጀት ጥያቄው የሚቀርብ ግልጽ ማስረጃ ይሆናል። የአንዱ ኮምፒዩተር የእድሳት ወጪ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በላይ ሆኖ ከተገኘ ግን ጥያቄውን ወደ አዲስ ግዥ ማዞር ይሻላል።

7. ማጠቃለያ

የአንድ ኮምፒዩተር ዕድሜ የሚለካው በተሠራበት ዓመት ብቻ አይደለም። ራሙ፣ ዲስኩና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በየፊናቸው ተመርምረው ፍርድ ሊሰጥ ይገባል። መምህራን በያዝነው የትምህርት ዘመን የዕረፍት ጊዜ በየንብረት ክፍላቸው የተከማቹትን ኮምፒዩተሮች ከፍተው እንዲመዘግቡ፣ የፕላን ባለሙያዎችም የንብረት ማስወገጃ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ይህን የምርመራ መዝገብ እንዲጠይቁ ማድረግ ከአዲስ በጀት በፊት ሊጀመር የሚችል ተግባር ነው።