ጥቁር ቀበቶ በሽምብራ ሲሸነፍ

እውነቱን ልናገርና እኔ በሕይወቴ የተደባደብኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ። ተሸነፍኩ፤ ለዚያውም በአንድ ቡጢ። ታዲያ ዛሬ ስለ ድብድብ ሕግ ስጽፍ ለራሴም ይገርመኛል። ጥፋቱ የአንድ አውቶቡስ ፍሬን ነው።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ ሾፌራችን ደብረ ሲና ላይ “የፍሬን ሸራው አላማረኝም” ብሎ ቆመ። ማንም አልተነጫነጨም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ያንን ቁልቁለት የወረደ ሰው ፍሬን ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የመጣነው፤ ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ውጦታል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቆሎ ገዝቼ ሻይ ቤት ገባሁ።

ጥግ ላይ አምስት ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው ይጯጯሃሉ። ዳማ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል ቆርኪ የለም። ካርቶን ላይ የተሰመሩ ሳጥኖች፣ የሉዶ ዳይስ፣ የተቆራረጠ ወረቀት፣ በየተጫዋቹ ፊት ደግሞ 10፣ 10 የሽምብራ ቆሎ ተደርድሯል።

“ሽምብራው ምንድን ነው?” አልኩ።

“ትንፋሽ ነው ጋሼ” አለኝ አንዱ። (ጋሼ! ያኔ እኮ ሠላሳ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የሚባሉ አሜሪካውያን “ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ” የሚባል ጨዋታ አወጡ። አንድ ሰው ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ አንድ ሰው ሆነው “እኔ እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ፤ የሚያጠራጥረውን ዳይስ ይፈርዳል። በዓመቱ “ብላክሙር” በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ በባዶ እጁ የሚደባደብ “መነኩሴ” ተጨመረ። የደብረ ሊባኖስን መነኩሴ እንዳታስቡ፤ በቪዲዮ ቤት ያየናቸውን፣ ራሳቸውን የተላጩትን የሻውሊን ሰዎች ነው። ከደብረ ሲናዎቹ ልጆች አንዱ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ቀጭን ልጅ፣ ይህንን በስልኩ አንብቦ “ለምን የኛን አንሠራም?” ብሎ ተነሣ። የሱ ሰዎች የጭነት መኪና ረዳት፣ ቆሎ ሻጭ፣ ከይፋት ቆላ ግመል እየነዳ የመጣ ነጋዴ ናቸው።

የመጀመሪያው ሕጋቸው ከቴኳንዶ የተቀዳ ነበር፤ ምክንያቱም ከመሃላቸው አንዱ ጥቁር ቀበቶ ነው። በቴኳንዶ ውድድር ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ፣ ደረት ላይ ያረፈ እርግጫ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ 3 ያስገኛል። ጥሩ ሕግ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው “ራሱን ረገጥኩት”፣ “ራሱን ረገጥኩት” ብቻ ሆነ። ትልቁ ነጥብ እያለ ማን ትንሹን ይመርጣል? በሁለተኛው ቀን ጨዋታው ሞተ።

ሜዳ ላይ የማይሞተው ለምን ይሆን? ቀጭኑ ልጅ ይህንን ለማወቅ ጥቁር ቀበቶውን ከሻይ ቤቱ ጓሮ ወሰደውና የፍራሽ ቁራጭ ይዞ “በሙሉ ኃይልህ ርገጥ” አለው። መጀመሪያ ላይ ፍራሹን የያዘው ልጅ ወደ ኋላ ይንገዳገድ ነበር አሉ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ግን እግሩ ደረት አልደረሰም፤ ሰውየው ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። እኔ ደግሞ ስንት የካራቴ ፊልም አይቼ፣ ብሩስ ሊ ሠላሳ ሰው ሲያነጥፍ እየተመለከትኩ፣ ይህ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሽምብራው የመጣው ከዚያ ነው። እርግጫ 3 ትንፋሽ ያስከፍላል፤ መያዝ 2፤ ቡጢ 1። ሁለቱ ተጫዋቾች ምርጫቸውን በወረቀት ጽፈው በመዳፋቸው ሥር ይደብቁና እኩል ይገልጣሉ። እርግጫ ቡጢን ያሸንፋል፣ ከሩቅ ይደርሳልና። ቡጢ መያዝን ያሸንፋል። መያዝ ደግሞ እርግጫን፣ እግሩን ይዞ ይጥለዋልና። ተመሳሳይ ከመረጡ ብቻ ዳይስ ይጣላል። የተሸነፈው ሌላ ትንፋሽ ይቀማል፤ ትንፋሽ ሳይኖረው የተመታ ይወድቃል። መሸሽ ምንም አያስከፍልም፤ እንዲያውም ከተሰነዘረብህ አድኖህ 1 ትንፋሽ ይመልስልሃል። ግን አንድ ሳጥን ወደ ኋላ ትሄዳለህ፤ ከኋላህ ያለው ሦስት ሳጥን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ። ትንፋሽም ከ10 አያልፍም። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትንፋሹን የሚቆረጥም አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከመጀመሪያው ምት በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች “ለምንድን ነው የምጣላው?” ለሚለው መልስ መስጠት አለበት። መልስ ያጣ አይደባደብም። ስንቱ የመጠጥ ቤት ጠብ እዚህ ላይ ባለቀ!

ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣ አንድ ተማሪ ግን አልረካም። “ሞት ይግባበት” አለ። “የፈረንጆቹ ጨዋታ ላይ እኮ ሰው ይሞታል። ያለ ሞት ድብድብ ምን ጣዕም አለው?” ሐቅ አለው። በዚያ ጨዋታ የሰው ሕይወት በነጥብ ይቆጠራል፤ በመጀመሪያው ሕግ ነጥቡ ዜሮ ሲሆን ሰውየው አበቃለት። አርንሰን ሐሳቡን ያመጣው ከመርከብ ውጊያ ጨዋታ ነው፤ አንድ መርከብ ስንት ቢመታ ይሰምጣል ከሚለው። ሰው ደግሞ መርከብ አይደለም።

ቀጭኑ ልጅ ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። ጦርነቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር እዚህ አካባቢ ደርሶ እንደነበር አስታውሱ፤ ከዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ምን እንዳየ አልጠየቅኩም። መልሱን የሰጡት ሻይ የሚቀዱት የቤቱ ባለቤት ናቸው።

“ልጄ፣ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰው አይሞትም።”

በዚሁ ተዘጋ። በሞት ቦታ የገባው ሕግ “በቃኝ” ይባላል። እያንዳንዱ ሰው ከትንፋሹ ሌላ “ስም” የሚባል ነጥብ አለው። ከመውደቁ በፊት “በቃኝ” ያለ ግማሽ ስሙን ይዞ ይወጣል። ዝም ብሎ የወደቀ ስሙን ሁሉ ያጣል። “በቃኝ” ያለን ሰው የመታ ግን ያሸነፈም ቢሆን ስሙ ዜሮ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ታሪክ ገበያ ውስጥ ሰላም የሚለው የለም። የኛው የገና ጨዋታም እኮ እንዲህ ያለ ጥበብ ነበረው፤ በዚያች ቀን ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ጌታ አይቆጣም፤ ነገሩ ከሜዳው ወጥቶ ቤት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጨዋታ አልረሳውም። የባለቤቷ ልጅ ቆሎ ሻጭ ሆና፣ ጥቁር ቀበቶው ደግሞ ረዳት ሆኖ፣ ያልተከፈለ የቆሎ ሒሳብ ላይ ተጣሉ። እሱ ረገጠ፤ እሷ ሸሸች። ረገጠ፤ ሸሸች። ለሦስተኛ ጊዜ ረገጠ፤ ሸሸችና ጀርባዋ ግድግዳ ነካ። ልጆቹ “አለቀላት!” ብለው ጮኹ። እሷ ግን ጠረጴዛውን ታያለች። ፊቱ አንዲት ሽምብራ ብቻ ቀርታለች። በአንድ ትንፋሽ ከቡጢ በቀር የሚሰነዝረው የለም። መሸሽ ይችል ነበር፤ ግን ጥቁር ቀበቶ እንዴት ከቆሎ ሻጭ ይሸሻል?

ወረቀቶቹ ተገለጡ። እሱ ቡጢ። እሷ እርግጫ።

ሳቅ ሆነ። እሱ አልሳቀም። በ2013 ዓ.ም ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሰሎሞን ቱፋ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲሰለፍ ሌሊት ተነሥቶ ያየ ልጅ ነው፤ ሜዳ ላይ “በቃኝ” ብሎ እንደማያውቅም ነግሮኛል። ቀጭኑ ልጅ እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። ጓደኛው ዝም ካለ ስሙን በሙሉ ሊሰርዝበት ነው። ሕጉን ደግሞ ለሱ ሲል አይለውጥም፤ ቢለውጥማ ከነገ ጀምሮ ሕግ አይደለም። በዚህ ሰበብ ሁለት ሳምንት ተኳርፈው እንደነበር ቆይቶ ነው የሰማሁት፤ የዚያን ጊዜ ጥቁር ቀበቶው ወድቆ ስሙን ሁሉ አጥቶ ነበር።

“እሺ” አለ በመጨረሻ። “በቃኝ።”

እርሳሱ ግማሹን ብቻ ሰረዘ። ልጅቷ ሽምብራዎቿን ሰብስባ ግማሹን ወደ እሱ ገፋችለት፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

እናንተም ብትሞክሩት ወጪው የአንድ ስኒ ቆሎ ነው። የነሱን ቁጥር ግን ዝም ብላችሁ አትቅዱ። ትግል የሚችል ጓደኛ ካላችሁ ትግሉን አስገቡ፤ ስንት ጊዜ ታግሎ እንደሚደክም ግን ጓሮ ወስዳችሁ ቁጠሩ። ሁሉም ሰው አንዱን ምት ብቻ መምረጥ ከጀመረ ዋጋው ረክሷልና ጨምሩበት።

የኛ ሾፌር ጡሩንባውን ሲነፋ ልጆቹ ለመንገድ ብለው 10 ትንፋሽ በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ሹራቤን ያወለቅኩት ሸዋ ሮቢት ስንቃረብ ነው። ትንፋሹ ከዚያ በፊት አልቋል።