የቤት ደላላ፣ ኮሚሽኑና አመራረጡ

የቤት ደላላ ሻጭንና ገዢን ወይም አከራይንና ተከራይን አገናኝቶ ስለ ማገናኘቱ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን በግሉ ቆሞ፣ ጥቅም ለማግኘት፣ እንደ ሙያ ይዞ ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ገልጾታል፤ ይህ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። በግሉ የቆመ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ወኪል በወካዩ ስም ይፈርማል፤ ደላላ ግን ለማንም አይፈርምም፣ ቤቱንም አይሸጥም። ውሉን የሚፈርሙት ባለቤቱና ገዢው ናቸው።

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ግለሰብ ቤት አከራይቶ እንዳይጠቀምም ከለከለ። የኪራዩ ክልከላ ከጊዜ በኋላ ቀርቷል፤ መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀጥሏል። ስለዚህ ደላላው «ቦታ አለ» ሲል በሕግ የሚተላለፈው ቤቱና በይዞታው የመጠቀም መብት ነው። ባዶ ቦታ በመንደር ውል የገዛ ሰው በሕግ ፊት የገዛው ነገር የለም።

ደላላ ለማን እንደሚያስፈልግ ለማየት ደባርቅን እንውሰድ፤ ከተማዋ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሽሬና አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከፓርኩ ክልል ከግጭ መንደር የተነሡ ከ400 በላይ አባወራዎች የሰፈሩት እዚሁ ነው። ለአገሬው ሰው የሚሸጥ ቤት ወሬ በዕድር፣ በለቅሶ ቤትና በቡና ላይ ይደርሰዋል፤ ደላላም ብዙ አያስፈልገውም። ተዛውሮ የመጣ መምህር ወይም የዞን ሠራተኛ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ደላላው የሚሸጠው ዕውቀት ይኸው ነው፤ የትኛው ግቢ የራሱ ቆጣሪ እንዳለው፣ የትኛው ከአከራዩ ጋር እንደሚጋራ፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሽንት ቤቱ ለስንት ተከራይ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ደላላ ገንዘቡ ይገባዋል።

የኮሚሽኑን መጠን የሚወስነው ልማድና ድርድር ነው። በሽያጭ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 2 በመቶ ነው፤ አንዳንዴ ከአንዱ ወገን፣ አንዳንዴ ከሁለቱም ይጠየቃል። ቤቱ 2 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ 2 በመቶው 40,000 ብር ነው፤ ከሁለቱም ሲሆን 80,000። የባለቤትነት ስም ሲዛወር ለመንግሥት የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥም 2 በመቶ ስለሆነ ገዢው ሁለቱን አስቀድሞ አንድ ላይ ማሰብ አለበት።

ስሌቱ ሌላም ነገር ያሳያል። ገዢው ተከራክሮ ከዋጋው 100,000 ብር ቢያስቀንስ ከደላላው ድርሻ የሚቀነሰው 2,000 ብር ብቻ ነው። ለደላላው ዋጋው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ከማለቱ ይልቅ ውሉ ቶሎ መፈረሙ ይበልጥበታል፤ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» የሚለው ጥድፊያም ከዚሁ ይመነጫል። ከሁሉ የከፋው በዋጋው ላይ የሚጨመረው ነው። ባለቤቱ 2 ሚሊዮን ብር ብሎ ሳለ ደላላው ለገዢው 2 ሚሊዮን 300,000 ብሎ ልዩነቱን ለራሱ ካስቀረ፣ ያገኘው የ40,000 ብር ኮሚሽን ሰባት እጥፍ ተኩል ነው። ይህ የሚቻለው ሻጭና ገዢ እስከ ፊርማው ቀን ካልተገናኙ ነው። ባለቤቱን ለማገናኘት ከሚያንገራግር ደላላ ጋር ንግግሩን መቀጠል አይገባም።

ከመጠኑ በላይ ግን ክፍያው የሚፈጸምበት ቀን ያስቸግራል። በልማድ ደላላው ገንዘቡን የሚጠይቀው ውሉ ሲፈረም፣ አንዳንዴም ቀብድ ሲሰጥ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደላላው ግን ኮሚሽኑን ቀድሞ ከተቀበለ ውሉ ቢፈርስ የሚነካው ነገር የለም። ስለዚህ ገዢው የኮሚሽኑን የተወሰነ ክፍል በፊርማው ቀን፣ ቀሪውን ስም ሲዛወር እንዲከፍል ቢስማማ፣ ደላላው ጉዳዩ እስኪያልቅ አብሮት ይሮጣል። መቶኛውን ከመከራከር ይህ ይሻላል።

ደላላ ሲመረጥ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንዳለው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያገናኛቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ማነጋገር ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያሳውቃል። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ከተሞች ይህ ከባድ አይደለም። ጥያቄው ደላላው መልካም ሰው ስለ መሆኑ ሳይሆን የቤቱ ስም በስንት ጊዜ እንደዞረ፣ ከቀብዱ በኋላ ደላላው ስልክ ያነሣ እንደነበር መሆን አለበት። ጥሩ ደላላ ለገዢው ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ካርታውን ያያል፤ በካርታው ላይ የተጻፈው ስም የሻጩ መሆኑን፣ ስፋቱና አዋሳኞቹ መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠማቸውን ይመለከታል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋል። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩ የሚጣራው ከማዘጋጃ ቤቱ እንጂ ከደላላው አፍ አይደለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሕጋዊ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት መደረግ ስላለበት፣ «እዚሁ በሽማግሌ እንጨርስ» የሚለው ምክር ገዢውን ለአደጋ ይዳርጋል።

ከደላላው ጋር የሚደረገው ስምምነትም በወረቀት ቢሰፍር ይበጃል፤ መቶኛው፣ ከፋዩ፣ የክፍያው ጊዜ፣ የታየው ቤትና የታየበት ቀን ይጻፉ። ቀኑ የሚያስፈልገው ሽያጩ ካለቀ በኋላ ሌላ ደላላ «መጀመሪያ ያሳየሁት እኔ ነኝ» ብሎ ድርሻ የሚጠይቅበት ጊዜ ስላለ ነው። ወረቀቱ ካለ ክርክሩ በሁለቱ ደላሎች መካከል ይቀራል፤ ገዢው ሁለት ጊዜ አይከፍልም።