የዊንጌት ጎረቤት የነበረው እንግዳ

ጠጋ በሉማ፣ ጮክ ብዬ የምናገረው አይደለም። ረዳቱ «ዊንጌት! አስኮ!» እያለ ሲጣራ፣ የሰፈሩ ስም ከእንግሊዛዊው ጄኔራል፣ በእሱም ከተሰየመው ትምህርት ቤት እንደመጣ የማያውቅ የለም። እሱ ለአደባባይ ነው። እዚያው ጎረቤት፣ ኮልፌ፣ በ1954 ክረምት ሲሮጥና ሲተኩስ የከረመውን መለሎ እንግዳስ? አያችሁ፣ ዝም አላችሁ።

ፓስፖርቱ ላይ ዴቪድ ሞትሳማዪ ይላል። የማን አገር ፓስፖርት? የኛው! ትክክለኛ ስሙን ዛሬ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ኔልሰን ማንዴላ።

ዓለም የሚወደውን ማንዴላ እናንተም ታውቁታላችሁ። 27 ዓመት ታስሮ በ1982 የተፈታው፣ ከዴ ክለርክ ጋር ተደራድሮ በ1986 ፕሬዚዳንት የሆነው፣ አፓርታይድን ያለ በቀል የሸኘው ፈገግተኛ ሽማግሌ። ሐሰት የለበትም። ግን ይሄ የሳሎኑ ወሬ ነው። ጓዳው ሌላ ነው።

ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ነበር። ማንዴላ ከካርቱም ሲመጣ የአየር መንገዳችንን አብራሪ አየና ክው አለ። ጥቁር ነዋ! ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብሎ ደንግጦ፣ ወዲያው በራሱ አፈረ። ይህን የምላችሁ እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው በሕይወት ታሪኩ የጻፈው። አፓርታይድ የተዋጊውን ጭንቅላት እንኳ አልማረም ማለት ነው። ጉባኤው ላይ ደግሞ ወታደሩ ጥቁር፣ አዛዡ ጥቁር፣ ንጉሡ ጥቁር። ለኛ የዘወትር ነገር፤ እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

አሁን ጓዳ እንግባ። ያን ሰሞን መንግሥታችን ከላይቤሪያ ጋር ሆኖ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ከሷታል፤ ጉዳዩ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ መዝገቡ በ1953 የተከፈተ። በፊት በር ጠበቃና ካባ። በጓሮ በርስ? ሞርታር! ክሱማ በ1958 ወደቀ፤ ዳኞቹ 7 ለ7 ተካፍለው የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ገደለው። የጓሮው ሥራ ግን ያኔ አልቆ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ማንዴላ ከለንደን ተመለሰ። የውጭ ጉዳዩ ከተማ ይፍሩ ተቀበሉት፤ ከዚያ በቀጥታ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ልምምድ፣ ምሳ፣ እንደገና እስከ 10፣ ከዚያ እስኪመሽ ትምህርት። ጠመንጃ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ፣ እግር የሚያዝል ጉዞ። የኮልፌን የሐምሌ ጭቃ ለምታውቁት አልነግራችሁም። ከአሰልጣኞቹ አንዱ ፈቃዱ ዋኬኔ ናቸው፤ የወታደራዊ ሳይንስ መምህሩ ደግሞ የ1953ቱን የታህሳስ ግርግር በማክሸፍ ስማቸው የተነሣው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ።

የምወዳት ይህችኛዋን ነው። አንድ ቀን ገበታ ላይ ኮሎኔሉ ይመክሩታል፦ ከሥራ ውጭ አዛዥ ከተራው ወታደር እኩል ነው፣ የሚበላውን ይበላል፣ ከሱ ጋር ይጠጣል፣ ራሱን አያገልም። ማንዴላ በጥሞና እያዳመጠ ነው። በዚህ መሃል አንድ ሳጅን ገብቶ እገሌ የሚባለውን መቶ አለቃ የት አገኘዋለሁ ብሎ ይጠይቃል። ኮሎኔሉ ገላመጡት! ከትልቅ ሰው ጋር ስነጋገር አታይም? ስበላ አታቋርጠኝ፣ ውጣልኝ! ሳጅኑ ወጣ። እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ እኩልነት ካቆሙበት ቀጠሉ። አገራችንን በአንዲት ምሳ ማወቅ ለፈለገ ይቺ ትበቃዋለች።

ሥልጠናው ለስድስት ወር ነበር የታሰበው። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የሚታገልበት ድርጅት ቶሎ ና አለው። ኮሎኔሉ እስከ ካርቱም የሚያደርሰውን አውሮፕላን አዘጋጅተው፣ መሰናበቻ ብለው ሽጉጥና 200 ጥይት አስታቀፉት። እንጀራና ድርቆሽ አይደለም፣ ሽጉጥ! አገሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 29፣ መንገድ ላይ ተያዘ። በ1956 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

መምህሩስ? ለጄኔራልነት በቁ፣ የሜጫና ቱለማ ማኅበር መሪ ሆኑ፣ በ1959 ታሰሩ። ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። ስለዚህ አንድ ሰሞን አስተማሪውም ተማሪውም የዕድሜ ልክ እስረኞች ነበሩ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሮበን ደሴት። ተማሪው ወጣ። አስተማሪውን ደርግ በ1967 ረሸናቸው። ይህን ክፍል በማንዴላ በዓል ላይ ሲያነሱት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሽጉጡ ደግሞ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ሊሊስሊፍ የሚባል እርሻ ውስጥ ተቀበረ ይባላል። ቆፍረው ፈልገውታል፤ እስካሁን ተገኘ ሲባል አልሰማሁም። የተገኘ ቀን ግን ሙዚየም አስገብተው ሲያሳዩት፣ ከሥሩ «ከኮልፌ» የምትለው እንዳትቀር አደራ።