አገዳውን ለልጆቻችን

እናት ምጣድ ጥዳ ወይም ሱቅ ስትጠብቅ የሚነጫነጨውን ልጅ ዝም ለማሰኘት ሞባይሉን እጁ ላይ ማኖር እየተለመደ ነው። አንወቅሳትም፤ የሚያግዛት ሰው አጥታ ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለውም በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል።

ታዲያ ምን እንስጠው? በቆቦና በራያ ቆላ መልሱ ደጅ ላይ ተከምሯል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ሲቆረጥ ልጆች ጥንቅሹን ይመጥጡታል፤ ደረቁን አገዳ ግን ይሠሩበታል። ጠንካራው ልጣጭ ይላጥና ነጩ ለስላሳ ውስጡ በጣት ቁመት ይቆራረጣል። ልጣጩ ደግሞ በቀጭኑ ተሰንጥቆ እንደ ምስማር ሆኖ ቁራጩን ከቁራጩ ይሰካል። ሙጫ የለ፣ ብረት የለ። ጎጆ፣ ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ፣ ወደ አላማጣ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሳይቀር ከዚሁ ይወጣል። የትናንቱ መኪና ዛሬ ፈርሶ አልጋ ይሆናል።

በውጭው ዓለም እንዲህ ያለው ጨዋታ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሌጎን እ.ኤ.አ. በ1932 በዴንማርክ የመሠረተው አናጢ ነበር፤ መነሻውም የእንጨት መጫወቻ ነው። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑት ስድስት የፕላስቲክ ጡቦቹ ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ይገጣጠማሉ። አገዳ ግን ጉብታ ስለሌለው ልጁ በፈለገው አቅጣጫ ይሰካዋል።

ጨዋታን ለሚንቁም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) የጨርቅ ክንፍ ያለው የፈረስ መጫወቻ አይተው መሳቃቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

አደጋም አለው። ልጣጩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ትልቁ ይላጥ፣ ትንሹ ይሰካ። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን ቁርጥራጩ አይሰጥም፤ ለእሱ ባዶ ጣሳና ክዳን ይበቃዋል።

ሌላው ጣጣ ከላም ጋር ያለው ሽሚያ ነው። አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። እንደ ደጋሊት ያለው ረጅሙ ያገር ማሽላ የሚወደደው ለእህሉ ብቻ አይደለም። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ሲቀር እንደሆነው ባለ ጊዜ አባት አንዲት ዘንግ ቢሰስት አይፈረድበትም። በደህናው ዓመት ግን ለአንድ ልጅ ሁለት ዘንግ ይበቃዋል፤ ፍርስራሹንም ማታ ምድጃው አይጠላውም።