ጎንደር ውሃ የምትገባበት ማለዳ

(ድምፅ፦ ዝማሬ፣ ከበሮና ጽናጽል፤ ከአፍታ በኋላ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦
ጥር 11 ቀን፤ ሊነጋጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ጎንደር በዚህ ሰዓት ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቢሆንም በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ መቆሚያ የለም። ካህናቱ ሲጸልዩ ሲያዜሙ አድረዋል። ሕዝቡ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጧፉን ይዞ አብሯቸው ነቅቷል። ትናንት በከተራ ከየደብራቸው የወረዱት ታቦታት በውሃው ላይ በቆመው ባለ ፎቅ ሕንፃ አርፈዋል። ከግንቡ ጫፍና ከዋርካዎቹ ሥር ላይ ደግሞ ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው፣ በቁምጣ ብቻ ሆነው፣ ጸሎቱ እስኪፈጸም ይጠባበቃሉ።

ውሃው ይባረካል። ጠበሉ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። ከዚያ ወጣቶቹ ይዘላሉ።

(ድምፅ፦ የውሃ መንቦጫረቅ፣ ጩኸት፣ እልልታ)

ተራኪ፦
አንዱ ሲዘል ሌላው ይከተላል። ዋና የሚያውቀው መሐል ለመሐል ያቋርጣል፤ የማያውቀው ዳር ዳሩን ይይዛል። የወጣው እየተንቀጠቀጠ ለሚገባው ቦታ ይለቅቃል። ያልገባው በሃይላንድና በጀሪካን ጠበሉን ቀድቶ ለቤተሰቡ ይወስዳል። ጎንደር ባሕር የላትም። ሆኖም ይህን ያህል ሰው በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ልብ፣ ሜዳ ላይ ወዳለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ሥፍራ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም።

በዛሬው ዝግጅታችን ይህን ውሃ ተከትለን ከቀሃ ወንዝ እስከ ጣና እንወርዳለን። የምናነሣው ጉዳይም አንድ ነው፤ ልጆቻችን በውሃ ፊት ያላቸው ድፍረትና በውሃ ውስጥ ያላቸው ችሎታ እንዴት ይመጣጠን?

(ሙዚቃ፦ ማሲንቆ፣ አጭር)

ተራኪ፦
መዋኛው ከከተማዋ መሐል 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። በትውፊት የሚታወቀው ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. በነገሡት፣ የጎንደር ከተማ መሥራች በሆኑት በአፄ ፋሲለደስ ስም ነው። በዙሪያው በድንጋይና በኖራ የተገነባ አጥር አለው። በአጥሩ ላይ የበቀሉት የዋርካ ሥሮች ድንጋዩን አቅፈው ይዘውታል። ወደ ሕንፃው የሚያሻግረውም የድንጋይ ድልድይ ነው።

በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ገንዳው ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የቀሃ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ይገባና ይሞላል። የጎንደር ሰው በዓሉ መድረሱን ከቀን መቁጠሪያው ባልተናነሰ ከዚህ ውሃ ያውቀዋል።

ልማዱ የትናንት አይደለም። ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1692 ዓ.ም. ጎንደር ነበር። በጻፈው የጉዞ ማስታወሻም ንጉሡ ከነመኳንንቱ በከተማዋ አቅራቢያ ወዳለ ትልቅ የውሃ ገንዳ ወርዶ ጥምቀትን ማክበሩን ዘግቧል። ያ ትውልድ አለፈ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ከተማዋ ተቃጠለች፤ ተዘረፈች። ውሃው ግን ጥር በመጣ ቁጥር ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ የፋሲል ግቢንና የጎንደርን ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህ ሥፍራም ተካቷል። የጥምቀት በዓል ራሱ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

(ድምፅ፦ የሕዝብ ጫጫታ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

ተራኪ፦
ደስታው ገና አልበረደም ነበር። በዚያው ዓመት በጥምቀት ማለዳ፣ እዚሁ መዋኛው ዳር፣ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይ ተጎዱ። ሊባረኩ የመጡ ናቸው። የእነርሱ ሐዘን ለእኛ አደራ ትቶልናል፤ ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ቦታ ጥንቃቄ የበዓሉ አካል ነው። ለመቀመጫው እንጨት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ፣ ለውሃውም ያስፈልጋል።

ውሃው ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል? ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን በድንገት ሲነካ ሰው ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይተነፍሳል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ውሃ ይስባል። ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልቡ በኃይል ይመታል። ይህ የመጀመሪያ ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ዋናተኞች ቀስ ብለው ይገባሉ። ፊታቸውንና ደረታቸውን አስቀድመው ያርሳሉ። ትንፋሻቸው እስኪረጋ ድረስ ለመዋኘት አይቸኩሉም። በብርድ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ደግሞ እጅና እግሩ ይደነዝዛል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ጉልበቱ ይከዳዋል። ከወጣ በኋላም ቶሎ መድረቅ፣ ደረቅ ልብስ መልበስና ጋቢ መደረብ ይኖርበታል።

(ድምፅ፦ የሐይቅ ማዕበል፣ ወፎች)

ተራኪ፦
ከጎንደር ወደ ደቡብ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጠን ጎርጎራ ደረስን። ጣና እዚህ ላይ ዳርቻው አይታይም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። አጥማጆች በደንገል ታንኳ ይቀዝፉበታል፤ የዳርቻው ልጆችም ይንቦጫረቁበታል።

ጣና ግን የፋሲል ገንዳ አይደለም። ግንብ የለውም፤ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሕዝብም የለውም። ጉማሬ አለበት። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያይላል። ረጋ ባለውና ሣር በበዛበት ዳርቻ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው የቢልሃርዚያ ተውሳክ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሰሜኑን ዳርቻ ወርሮ የታንኳውንም የሰውንም መንገድ አጥብቧል። ጣና ላይ መዋኘት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የአካባቢውን አጥማጅ ይጠይቅ። የትኛው ዳርቻ ንጹሕ እንደሆነ፣ ጉማሬ የት እንደሚውል፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ ከእርሱ የተሻለ የሚነግረው የለም። ብቻውንም አይግባ፤ ታንኳ ከጎኑ ይከተለው።

ሽማግሌዎቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 የሚሆኑ ሰዎች በዓለም ላይ በውሃ ሰጥመው ሞተዋል። አብዛኞቹ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የደጋው ልጅ ይህን አደጋ ከባሕር ርቆም ያገኘዋል። ክረምት ሲገባ ትናንት በእግር የተሻገረው ወንዝ ዛሬ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ከብት ሲያጠጣ ኩሬው ዳር ይንሸራተታል። ያኔ አብረውት ያሉት እኩዮቹ ብቻ ናቸው።

ድርጅቱ ከሚመክራቸው መፍትሔዎች አንዱ ለትምህርት ቤት ልጆች መሠረታዊ ዋናንና የውሃ ጥንቃቄን ማስተማር ነው። ይህ ሜዳሊያ የሚያመጣ ዋናተኛ ማፍራት ማለት አይደለም። ልጁ ሲደክመው በጀርባው ተንሳፎ መተንፈስን ይወቅ። ሲወድቅ ወደ ዳር መመለስን ይቻል። ጓደኛው ሲሰጥም ተከትሎ ከመዝለል ይልቅ ጮኾ ሰው ይጥራ፤ ዱላ ያቀብለው፤ ገመድ ወይም የተገመደ ነጠላ ይወርውርለት፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይጣልለት። ጀሪካን በየቤቱ አለ፤ ሰውን አንሳፎ ሊይዝ እንደሚችል ግን ለልጆቻችን ነግረናቸዋል ወይ?

(ድምፅ፦ የሕፃናት ሳቅ፣ የውሃ ድምፅ)

ተራኪ፦
የጥምቀት ውሃ በረከት ነው፤ የክርስቶስን በዮርዳኖስ መጠመቅ የምናስብበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የባረከችውን ሥፍራ የስፖርት ሜዳ እናድርገው ማለታችን አይደለም። ከዚያ ሥፍራ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። በፋሲል መዋኛ ማንም ብቻውን ውሃ አይገባም። በሺህ የሚቆጠር ዓይን ያየዋል፤ ሲወጣ የሚስበው እጅ አለ። ጎንደር በማኅበር ውሃ መግባትን ለዘመናት ታውቃለች።

ይህ ልማድ በቀሪው ዓመትም ይቀጥል። ዋና የሚያውቁ የከተማዋ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ። ትምህርት ቤቶች ክረምት ከመግባቱ በፊት ለተማሪዎቻቸው ስለ ውሃ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡ። ወላጆችም «ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ» ከማለት አልፈው እንዴት እንደሚደርስ ልጁን ያሳዩት። ለበዓሉ አዘጋጆችም የምንለው አለን፤ መጪው ጥምቀት ሲደርስ ነፍስ አድን ዋናተኞች በግንቡ አራት ማዕዘን ይቁሙ፤ ገመድና ተንሳፋፊ ቀለበት በእጃቸው ይኑር። እምነቱና ድፍረቱ በጎንደር ሞልቷል። ዋናውን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው፤ ከዘንድሮም አይለፍ።

(ሙዚቃ፦ ማሲንቆ፤ ከፍ ብሎ ያበቃል)