«ምሬዋለሁ» እና «ደም የለበትም»፦ የሐዘንተኛ ወላጅ ጥርጣሬ በሞት ፍርድ ፊት

(በሕግ ፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ቆቦ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከእርሱ ወዲያ የአፋር ቆላ፣ ወዲህ ማሽላ የሚበቅልበት የራያ ሜዳ ባለበት አገር፣ በልጅነቴ ስለ ፍትሕ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል «ሕግ» አልነበረም፤ «ደም» ነበር። እነ እገሌ ደም አለባቸው ይባላል። እነ እገሌ ደማቸው ደርቋል ይባላል። ወደ ገበያ የሚኬድበት መንገድ፣ ልጅ የሚዳርበት ቤት፣ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ በዚህ ቃል ይወሰን ነበር።

በኋላ ሕግ ተምሬ ሕግ ሳስተምር ይህ ቃል አንድ ጥያቄ ሲያነሣብኝ ኖሯል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ተረቱ የሚነሣው የተወጋው የወጋውን ያውቀዋል ከሚል እምነት ነው። ባያውቀውስ? ፍርድ ቤት «ገዳዩ ይህ ነው» ብሎ ሞት ከፈረደ በኋላ፣ ልጇን የቀበረች እናት «እኔ ግን ይህ ሰው መሆኑን እጠራጠራለሁ» ብትልስ? ይህ ጥርጣሬ በፍርድ ፊት ምን ዋጋ አለው? ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ከታሪካችን ልጀምር። በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነፍስ ማጥፋት በመጀመሪያ የሟች ቤተ ዘመድ ጉዳይ ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ሰው ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ሊገድሉት፣ የደም ዋጋ ሊቀበሉት፣ ወይም ሊምሩት ይችሉ ነበር። ንጉሡም፣ መኳንንቱም፣ ካህናቱም ዘመዶቹ ጉማ ተቀብለው ሰውየውን እንዲተዉት መለመናቸው የተለመደ ነበር። ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ያወጣል።

በዚህ ሥርዓት የወላጅ ጥርጣሬ ሙሉ ሥልጣን ነበረው። ሰይፉ በወላጅ እጅ ስለ ነበረ የሚጠራጠር አባት እጁን መሰብሰብ ብቻ ይበቃው ነበር። ነገር ግን የዚህን ሥርዓት ሌላ ገጽታ አንርሳ። የሚጠራጠር አባት ማዳን እንደሚችል ሁሉ፣ በሐዘን የታወረ አባትም መግደል ይችል ነበር። የአንድ ሰው ሕይወት በሌላው ሰው የሐዘን መጠን ይመዘን ነበር ማለት ነው።

ወደ ራያ ልመለስ። በራያ ቆቦ ዘወልድ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት፣ በሌላውም የወሎ ክፍል በአበጋሮች ዘንድ፣ የደም ማድረቅ ሥራ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፤ በቀል እንዳይፈጸም ሁለቱን ወገን ያራርቃሉ፤ ካሳ ይወሰናል፤ እርቅ ይፈጸማል። የዚህ ሥርዓት ምሰሶ ግን እምነት ነው፤ የገዳይ ወገን «አጥፍተናል» ብሎ መምጣቱ። እርቁ የሚቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው። ያላጠፋ ሰው ታዲያ በምን ቃል ይታረቃል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊው ሕግ ሰይፉን ከወላጅ እጅ ወሰደ። ከ1923 እና ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች ጀምሮ እስከ ዛሬው የወንጀል ሕግ ድረስ፣ ከሳሹ መንግሥት፣ ፈራጁ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ትልቅ እመርታ ነው፤ በእርሱ አልከራከርም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ለከባድ የሰው ግድያ በአንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ይደነግጋል። በአንቀጽ 117 ደግሞ የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ካልጸና አይፈጸምም ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ይሰጠዋል። በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት የተተወው መስክ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በመሆኑ፣ ሽማግሌዎች ደም ቢያደርቁም የወንጀል ክሱ በፍርድ ቤት ይቀጥላል።

አሁን አንዲት እናት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ታሪኩ የኔ ፈጠራ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። ልጇ ከቆቦ ገበያ ሲመለስ አመሻሽ ላይ ተገደለ። አንድ ምስክር «ከማሽላው መካከል ሲወጣ አየሁት፤ በጋቢው ለየሁት» አለ። ወጣቱ ሞት ተፈረደበት። እናትየው ችሎት ውስጥ ተቀምጣ ሁሉን ሰምታለች። ቤቷ ስትገባ ግን አንድ ነገር ይከነክናታል፦ በዚያ ሰዓት፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ በሆነበት ወር፣ በጋቢ ሰው ይለያል?

ይህች እናት ወዴት ትሄዳለች? በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚሉት የተፈረደበት ሰውና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። እርሷ በወንጀሉ ክርክር ያላት ቦታ የምስክርነት፣ ካልሆነም የጉዳት ካሳ የመጠየቅ ነው። ይግባኙ ካለቀ በኋላ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እንጂ የጋቢን ቀለም አይደለም። ከዚህ የከፋውም ይህ ነው፦ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 6፣ ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም መደለያ እንደ ነበረ በኋላ ሲታወቅ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ይፈቅዳል። የወንጀል ሥነ ሥርዓቱ ግን ለመጨረሻ ፍርድ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለውም። ለአንድ ጥማድ መሬት የተከፈተው በር ለአንገት አልተከፈተም።

የቀረው ይቅርታ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል እንጂ የጥፋተኛነቱን መዝገብ አይሰርዝም። በልማድም ይቅርታ ጠያቂው እንዲጸጸትና ከሟች ቤተሰብ ጋር እንዲታረቅ ይጠበቃል። እንግዲህ እናትየዋ ልትሰጥ የምትችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ምሬዋለሁ»። መናገር የምትፈልገው ግን ሌላ ነው፤ «ይህ ሰው ደም የለበትም»። ሁለቱ ቃላት የሚቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ ተቃራኒዎች ናቸው። «ምሬዋለሁ» ማለት ጥፋቱን ማጽናት ነው። ንጹሑም ሰው ቢሆን ከገመዱ ለመዳን ያላጠፋውን «አጥፍቻለሁ» ማለት ይኖርበታል።

ይህ የመምህር ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በዓለም ፊት በይፋ የተፈጸመ አንድ ጉዳይ ላንሣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1988 ከለንደን ወደ ኒው ዮርክ ይበር የነበረ የፓን አም አውሮፕላን በስኮትላንድ ሎከርቢ ከተማ ላይ በቦምብ ፈነዳ። ከተሳፋሪዎቹና ከበረራ ሠራተኞቹ 259፣ ከከተማዋ ነዋሪዎች 11፣ በድምሩ 270 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዷ የእንግሊዛዊው ሐኪም የጂም ስዋየር የ23 ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ አባት ተጠርጣሪዎቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ ከማንም በላይ የደከመ ሰው ነው፤ ሊቢያ ድረስ ሄዶ ጋዳፊን አነጋግሯል።

ችሎቱ በኔዘርላንድስ ካምፕ ዛይስት በስኮትላንድ ሕግ፣ በሦስት ዳኞች ተሰየመ። ጥር 31 ቀን 2001 አብደልባሴት አል መግራሒ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ሁለተኛው ተከሳሽ ነጻ ወጣ። ስዋየር ፍርዱን ሲሰማ በችሎቱ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ። ማስረጃውን ቀን በቀን ተቀምጦ ያዳመጠው ይህ አባት፣ የተፈረደበት ሰው ልጁን የገደለ አይደለም ወደሚል እምነት ደረሰ። ወኅኒ ቤት ሄዶ ጎበኘው፤ ወዳጁም ሆነ።

የአባትየው ጥርጣሬ የሐዘን ቅዠት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 የፍርድ ስሕተቶችን የሚመረምረው የስኮትላንድ ኮሚሽን በስድስት ምክንያቶች ፍርዱ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል ብሎ ወደ ይግባኝ መራው። ከእነዚህ መካከል በቦምቡ ሻንጣ ውስጥ የነበሩት ልብሶች ማልታ ላይ የተሸጡበት ቀን በበቂ ማስረጃ አለመደገፉ፣ ባለ ሱቁም ተከሳሹን ከመለየቱ በፊት ፎቶግራፉን በመጽሔት አይቶት እንደ ነበር መታወቁ ይገኙበታል። ከኛው የማሽላ ማሳ ምስክር ጋር አስተያዩት፤ የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ ለይቶ ማወቅ።

መጨረሻውስ? መግራሒ በካንሰር ታመመ። ይግባኙን ትቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ በነሐሴ 2009 በርኅራኄ ተፈታ፤ በግንቦት 2012 ትሪፖሊ ላይ ሞተ። ርኅራኄው ከእስር አወጣው፤ ጥፋተኛነቱን ግን አልነካውም። አስቀድሞም በ2003 ሊቢያ ለባለሥልጣናቷ ድርጊት ኃላፊነት ወስዳ ለሟች ቤተሰቦች ካሳ ለመክፈል ተስማምታ ነበር። በእኛ ቋንቋ ጉማ ተከፍሏል፤ ደሙ ግን ለስዋየር አልደረቀም። የሟች ቤተሰቦች ይግባኙን ልንቀጥል ብለው ሲጠይቁም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የስኮትላንድ ፍርድ ቤት የተጎጂዎች ዘመዶች ስለ ተፈረደበት ሰው ይግባኝ ለማለት መብት የላቸውም ብሎ ወሰነ። በኋላ የመግራሒ ቤተሰብ ያቀረበው ይግባኝ በ2021 ውድቅ ሆነ። ፍርዱ ዛሬም ጸንቶ አለ።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የወላጅ ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ከአሜሪካ ሟቾች ቤተሰቦች ብዙዎቹ መግራሒ ጥፋተኛ መሆኑን ሳይጠራጠሩ ኖረዋል፤ የእነርሱም ሐዘን ከስዋየር ሐዘን አያንስም። ሐዘን ስለ እውነት የመፍረድ ሥልጣን ቢሰጠው የትኛውን ሐዘን ልንሰማ ነው? ስለዚህ ወደ ቀድሞው ሥርዓት እንመለስ አልልም።

ሁለተኛው ግን ይህ ነው። በአንድ የግድያ ጉዳይ ተከሳሹ ለመዳን፣ ዐቃቤ ሕግ ለመርታት፣ ፖሊስ መዝገብ ለመዝጋት ምክንያት አለው። ጥፋተኛ እንዲገኝ ከማንም ይልቅ የሚጓጓው ወላጅ ነው። እርሱ በገዛ ጉጉቱ ላይ ተነሥቶ «ቆዩ» ሲል፣ ይህ ፍርድ ባይሆንም መመርመር የሚገባው ጥያቄ ነው። በራያ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነው። ልጇን ላጣች እናት «እጠራጠራለሁ» ማለት በዘመድ አፍ ደምን መሸጥ ሊባል ይችላል። ዝም ካለች ደግሞ ንጹሕ ሰው ይሞታል፤ እውነተኛው ገዳይ በዚያው ገበያ ይመላለሳል፤ የተፈረደበት ሰው ወገንም አዲስ ደም ይቆጥራል። አንዱ የተሳሳተ ፍርድ የሁለት ቤት በቀል ይወልዳል።

ስለዚህ እንደ ሕግ ሰዎች ሦስት ነገር ልንጠይቅ ይገባናል። የመጨረሻ የወንጀል ፍርድ በአዲስ ማስረጃ እንደገና የሚታይበት ግልጽ ሥርዓት ይኑር፤ የሟች የቅርብ ዘመድም ለመወሰን ሳይሆን ለማመልከት መብት ይሰጠው። በይቅርታ ጊዜ «አላጠፋሁም» ማለት እንደ አለመጸጸት አይቆጠር። ሽማግሌዎቻችንም ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ፣ ካሳውን ከመቁጠራቸው በፊት የሟችን ወላጅ ለብቻ ይጠይቁ፦ «ይህ ሰው መሆኑን ታምናለህን?»

የሞት ቅጣት በአገራችን የሚፈጸመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. መፈጸሙን ግን እናስታውሳለን። መግራሒ ዕድሜ ልክ ስለ ተፈረደበት ይግባኙ ሁለተኛ ጊዜ ሊመረመር ቻለ። የተገደለ ሰው ይግባኝ ቢፈቀድለት ምን ይጠቅመዋል? ተማሪዎቼ፣ ነገ ዳኛም ዐቃቤ ሕግም ትሆናላችሁ። አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቢሯችሁ ትመጣለች፤ ልጇ የሞተበት መዝገብ ተዘግቷል። «ምን ላድርግልዎት፣ እናቴ? ጉዳዩ አልቋል» ከማለታችሁ በፊት ተቀመጡና ምን እንዳየች ጠይቋት።

መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።